የግድግዳዋ ጉርሻ

በወለላ የጠፈር መርከብ ላይ የመጀመሪያው ጉርሻ የግድግዳ ነው። ሰው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው።

በመመገቢያ አዳራሹ፣ ከእጅ መታጠቢያው አጠገብ፣ ክንድ እስከ ክርን የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ዳር ዳሩ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ ሰው ሁሉ አፍ ይለዋል። ለምሳ የመጣ ከትሪው ላይ ቆረስ አድርጎ ይጠቀልላል፣ እጁን ወደ ውስጥ ሰደድ ያደርጋል፣ «እንኪ እመት» ይላል። ግድግዳዋ ጣቶቹን ለአፍታ ጨመቅ ታደርግና ትለቃለች። መርከቡ ከምድር በተነሣ ሰሞን ጣቱ ሲጨመቅ ያልጮኸ አልነበረም፤ ካፒቴኗም ጮኸዋል፤ እርሳቸው ግን ትእዛዝ የሰጡ አስመስለውታል። ውሎ አድሮ ጣቱ ካልተጨመቀ ምግብ አልዋጥ የሚለው ሰው በዛ።

እመት ሆዴ የመርከቡ አንጀት ናት። መሐንዲሶቹ ያወጡላት ስም ሲነበብ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ማንም አይጠራውም። ከሰው አንጀት በተወሰደ ሕዋስ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያደገች የሥጋ ቱቦ ናት። ሰው ጎንበስ ብሎ ይሄድባታል። ከመኝታ ክፍሎቹ ጀርባ እየተጠማዘዘች መርከቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ትዞራለች። ልጣጩም፣ ፍርፋሪውም፣ ከመጸዳጃ ቤት የሚመጣውም ወደ እርሷ ይገባል። በውስጧ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይፈጩትና በወዲያኛው ጫፍ ንጹሕ ውሃ፣ ለአትክልቱ ማዳበሪያ፣ ለወጥ ቤቱ ደግሞ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። የዱቄቱ ምንጭ በምግብ ሰዓት አይነሣም። በወለላ ላይ ጨዋነት ማለት ይህ ነው።

መርከቡ ወደ ሳተርን ጨረቃዎች እየተጓዘ ነው። መንገዱ የዓመታት ነው፤ በመሃል የሚቆሙበት ሱቅ የለም። እመት ከታመመች ምሳ የለም፤ ምሳ ከሌለ ሳተርንም የለም።

ይህ የጉርሻ ልማድ አንድ ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ያቋረጠችው እንጉዳይ ናት።

እንጉዳይ የአንጀቷ ጠባቂ ናት። ስለ ፈንገስ፣ ማለትም እርሾም ሻጋታም ስለሚመደቡበት ዘር ወሬ በተነሣ ቁጥር ሰው ወደ እርሷ መዞሩ አይቀርም፤ አያቷ ይህን ስም ሲያወጡላት የልጅ ልጃቸው ወደፊት ምን ሥራ እንደምትይዝ አላሰቡም። ቀልዱን ከመልመዷ የተነሣ ሰው ሳይጀምር እሷ ትጨርስለታለች።

ሥራዋ ማዳመጥ ነው። በግድግዳዋ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ሰሚ ክር ተዘርግቷል። በአጠገቡ ማን እንደሚኖር፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ሥጋው ምን ያህል እንደሚሞቅ እየለካ ማዳመጫ ላደረገ ሰው በድምፅ ይነግራል። አንዱ የባክቴሪያ ዘር ይንሾካሾካል፣ ሌላው ያጉረመርማል፣ እርሾ ደግሞ እንደሚፈላ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጤነኛ አንጀት ድምፁ የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይጨቃጨቃል፣ ማንም ግን ቤቱን ለቆ አይሄድም። እንጉዳይ በዚያ ጫጫታ እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

አንድ ሰሞን በሁለተኛው ጥምዝ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁስል ወጣች። ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ነው፤ ሥጋ ጠላት መጣብኝ ብሎ ሲቆጣ፣ ሲቀላ፣ ሲያብጥ፣ ሲግል። እንጉዳይ ወደ ቁስሉ የቀረበውን ክር አዳመጠች። ቡልቅ ቡልቅ። ቁስሉን እርሾ ከቦታል። ሌላ ቦታ እንዲህ ተሰብስቦ ሰምታው አታውቅም። ከየት መጣ? ከሰው ጣት። በምን መጣ? በጉርሻ።

ማንም ልባም ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ ላይ ደረሰች። ካፒቴን ሸዋረገድም ልባም ስለሆኑ ወዲያው ተስማሙ። አፉ በብረት ክዳን ተዘጋ። አንጀቷ በፈንገስ ማጥፊያ ታጠበች። ሰዎቹም የፈንገስ ማጥፊያ እንክብል ዋጡ፣ ጓንት አጠለቁ፤ ትሪ ቀረና ምግብ በየግል በታሸገ ሳጥን መምጣት ጀመረ። ወጥ ቤቱን የሚመሩት ጋሽ ወሰኔ የእርሾ ማሰሯቸውን ሊያስረክቡ የመጡት ጥቁር ክራባት አስረው ነው። «ልቅሶ መድረስ የሚፈልግ ካለ ወጥ ቤት ነኝ» ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እንጀራቸው ዓይን የለውም።

ቁስሉ ዳነ። ለእንጉዳይ በአዳራሹ ተጨበጨበላት። በጓንት ስለነበር ድምፁ ትንሽ የታፈነ ነው።

ከዚያ ገበያው መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ ሹክሹክታው ቀረ። ቀጥሎ አንዳንዱ ጉርምርምታ። በመጨረሻ በጆሮዋ የቀረው አንድ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ አንድ የባክቴሪያ ዘር፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ያለ ዕረፍት፣ አንዲት ቃል ብቻ እንደሚደጋግም ሕዝብ። ማዳመጫውን አውልቃ ብታስቀምጠውም ጭንቅላቷ ውስጥ ቀጠለ። የመኝታ ክፍሎቹ ግድግዳ ለብ አለ። ሰነበተና አላበው። ሰዎች አልጋቸውን ከግድግዳው እያራቁ ወደ ክፍላቸው መሃል ጎተቱ፤ ለምን እንደጎተቱ ግን እርስ በርስ አልተነጋገሩም። ዱቄቱ ሮዝ መልክ ይዞ መውጣት ጀመረ። ያም በምግብ ሰዓት አልተነሣም።

ባንተይርጋ የእንጉዳይ ታናሽ ወንድም ነው። ሰው ሁሉ ባንቴ ይለዋል። አንጀቷ ውስጥ እየገባ የተደፈነውን መጥረግ ሥራው ነው። ወደ መርከቡ አባብላ ያመጣችው እንጉዳይ ናት፤ እናታቸው የለቀቁት «ከእሷ ጋር ከሆነ እሺ» ብለው ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እንጉዳይ የትም ብትሄድ ይዛው ትዞራለች።

ብግነቱ ሁለተኛውን ጥምዝ ሞልቶ ወደ ሦስተኛው ሲሳብ፣ ባንቴ ባክቴሪያ ማጥፊያ መርጫ አዝሎ ገባ። ሌላው ሰው ምሳ ላይ ነበር። እንጉዳይ ከመግቢያው በር አጠገብ ቁጭ ብላ በሬዲዮ ትከታተለዋለች።

«እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማሃለሁ። የት ደረስክ?»

«ሁለተኛው ጥምዝ ጋ። ሙቀቱ የአዋሽ ሰባት በረሃ ነው። የጎደለው ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው ብቻ ነው።»

«አትቀልድ። ግድግዳዋ እንዴት ናት?»

ባንቴ በዚህ አልቀለደም፤ እንጉዳይ ሬዲዮውን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«አብጣለች» አለ። «መብራት ሳበራባት ትሸሻለች። ሳጠፋ ደግሞ ጠጋ ትላለች። ልርጨው?»

«እርጨው።»

መርጫው ሲፍፍፍ ሲል ሰማች። ከዚያ ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ እግር ከጭቃ ሲነቀል የሚሰማው ዓይነት፣ ግን ረጅም።

«እታለም።»

«ምን ሆንክ?»

«ከኋላዬ ተዘጋ።»

«ወደ ፊት ሂድ! በሦስተኛው ጥምዝ በር እናወጣሃለን።»

«ከፊቴም ተዘግቷል።» ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማል። «የቀረኝ ቁም ሣጥን የምታህል ቦታ ናት። እሷም እየጠበበች ነው።»

ካፒቴን ሸዋረገድ ሬዲዮውን ሰምተው ሲደርሱ የመቁረጫው መቆጣጠሪያ እጃቸው ላይ ነበር። እመት ስትሠራ በየጥምዙ ስለት ተገጥሟል። የሰው ሐኪም የተበላሸ አንጀት ቆርጦ ጤነኛውን ከጤነኛው እንደሚሰፋ፣ መርከቡም የታመመውን ክፍል ቆርጦ ወደ ውጭ ይጥላል። ውጭ ማለት ጨለማው ነው።

«ብግነቱ ሦስተኛውን ጥምዝ ካለፈ መላዋን ይይዛታል» አሉ ካፒቴኗ።

«ወንድሜ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ፤ ባይሆን እስካሁን ቆርጬው ነበር።» ፊታቸውን አዞሩ። «እስከ ሦስተኛው ጥምዝ ስንት ክንድ ቀርቶታል?»

«ትንሽ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ያለሽም ትንሽ ጊዜ ነው።»

ካፒቴን ሸዋረገድ ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ እንጉዳይ ትቆጣ ነበር፤ ቁጣ ደግሞ ፍርሃትን ይሸፍናል። አሁን ግን ትክክል ነበሩ፤ እና የቀራት ፍርሃቱ ብቻ ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋችው፤ ሌላ የምታውቀው ሥራ ስለሌላት።

ያ አንድ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር ይጮኻል። ወደ ባንቴ የቀረበውን ክር መረጠች። ጩኸት። ይበልጥ የቀረበውን መረጠች።

ገበያ።

ትንሽ ገበያ፣ የሰፈር ጉሊት የምታህል። ሹክሹክታ አለ፤ ጉርምርምታ አለ፤ በመሃሉም ቡልቅ ቡልቅ። ሥጋውም እዚያች ቦታ ላይ ብቻ እየቀዘቀዘ ነው።

«ባንቴ! ምንድን ነው የምታደርገው?»

«ምንም።»

«ባንተይርጋ!»

«ጓንቴን አውልቄ እያሻሸኋት ነው። የታመመ ከብት እንደሚያሹ። ምን ላድርግ፣ ዝም ብዬ ልጠብቃት?»

«እጅህ ላይ እርሾ አለ። እንዴት ሊኖር ቻለ?»

ባንቴ ማሻሸቱን ሲቀጥል በሬዲዮ ይሰማል።

«እንክብሉን ውጠሃል?»

«እታለም፣ ከዚህ ስወጣ ትቆጪኛለሽ። አሁን አትቆጪኝ።»

«አልቆጣም፤ ተናገር።»

«አልዋጥኩትም። በገባሁ ቁጥርም ከምሳዬ ትንሽ ቆጥቤ አጎርሳታለሁ። አፏን ዘግታችሁ በረሃብ ስትጮህ... አንጀቴን በላችኝ።»

እንጉዳይ ዓይኗን ጨፈነች። ያች የመጀመሪያዋ ቁስል በሐሳቧ መጣችባት። ቃጠሎ በተነሣበት ቤት ባልዲ ይዘው የቆሙ ሰዎች አይታ፣ እሳቱን የለኮሱት እነዚህ ናቸው ብላ ሁሉንም አሳስራቸዋለች።

እርሾው ቅዱስ ሆኖ አይደለም። ብቻውን ቢተው እርሱም ሥር አውጥቶ ሥጋ ይወጋል፤ ክብና ጨዋ አድርገው የሚያቆዩት ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ባክቴሪያዎቹም ብቻቸውን ሲተዉ አንዱ ሌላውን ውጦ ሠራዊት ይሆናል፤ በመሃላቸው እየተሰነቀረ ቦታ የሚያሳጣቸው እርሾው ነው። አይዋደዱም። አንዱ ሌላውን ስለሚያስቸግረው ሁለቱም ልካቸውን ያውቃሉ። ግድግዳዋ ደግሞ በየቀኑ በሰው ጣት ጥቂት ባዕድ እየቀመሰች፣ ባዕድ ሁሉ ጠላት እንዳልሆነ ትለማመድ ነበር። ልምምዱን የከለከለቻት ጠባቂዋ ናት። ያልለመደ ሥጋ ቤተሰቡንም እንደ ወራሪ ያያል።

«ባንቴ፣ ስማኝ። ልብስህን ሁሉ አውልቅ።»

«እዚህ?»

«ጀርባህን፣ ሆድህን፣ ሁሉንም አስደግፋት። አትታገላት።»

የዚፕ ድምፅ ተሰማ።

«ለእማማ እንዲህ ሆኖ ሞተ ብለሽ እንዳትነግሪያት» አለ ባንቴ። ድምፁ ከልብሱ ጋር እየራቀ ነበር፤ ሬዲዮው የተሰፋው ልብሱ ላይ ነው። «እየያዘችኝ ነው፣ እታለም... ትከሻዬን...»

ከዚያ የእርጥብ ሥጋ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እንጉዳይ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሮጠች። ካፒቴኗ መቆጣጠሪያውን ይዘው ተከተሏት። ሰዎቹ ተራርቀው፣ እያንዳንዱ የታሸገ ሳጥኑን አቅፎ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ላለመስጠት ተጠንቅቆ ተቀምጧል። አዳራሹ እንደ ወጥ ቤት ይግላል።

«እርሾ የደበቀ ሰው አለ?» አለች።

ጋሽ ወሰኔ ጣሪያውን መመርመር ጀመሩ።

«ጋሽ ወሰኔ።»

«እኔ? እርሾዬን ቀብሬ ሐዘን የተቀመጥኩ ሰው ነኝ።»

«አትክልቱ ክፍል ያለችው ጌሾስ?»

«የጌጥ ተክል ናት። ተመዝግባለች።»

«ጋሽ ወሰኔ፣ ባንቴ ውስጥ ነው። ወጥቶ የሚመጣበት መንገድ የለም።»

ጋሽ ወሰኔ ዓይናቸውን ከጣሪያው አወረዱ። ቆባቸውን አወለቁ። «ከአየር ማጣሪያው ጀርባ፣ በጀሪካን» አሉ። «ጥንስሱም አለ፤ የደረሰ ጠላም አለ፤ አተላም አለ። እናቴ ስትጠምቅ ያየሁትን ነው የማደርገው፤ ወንጀል መሆኑን አውቃለሁ።»

«ከእርስዎ ሌላ የጠጣ አለ?»

«እኔ ስም አልጠራም።»

«የጋሽ ወሰኔን ጠላ የጠጣ እጁን ያውጣ!» ብላ ጮኸች እንጉዳይ። «እንክብል የዋጠ ሆድ ውስጥ እንደገና እርሾ ያስገባ ጠላው ብቻ ነው። ቅጣት የለም። እጃችሁን ነው የምፈልገው!»

መጀመሪያ የወጥ ቤቱ ሰዎች አወጡ። ቀጥሎ የሞተር ክፍሉ በሙሉ፤ እነርሱ ሲያወጡ ማንም አልደነቀውም። መነጽራሟ የሒሳብ ሠራተኛ አወጣች፤ ይህ ግን ሰው አስደነቀ። ሆዷ የገፋው የብየዳ ባለሙያዋ ትብለጽ ግማሽ ድረስ አነሣች።

«እኔ አተላውን ብቻ ነው ለዳቦ የወሰድኩት» አለች። «ጠላ ሐኪም ከልክሎኛል።»

ከእንጉዳይ ኋላ ጓንት ሲወልቅ ተሰማ። ካፒቴን ሸዋረገድ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተዋል። በግራቸው መቆጣጠሪያውን እንደያዙ ነው።

«ልደቴ ዕለት» አሉ።

«አንድ ጊዜ?» አሉ ጋሽ ወሰኔ፣ ሳያስቡት።

«ልደቴ ረዘም ይላል።»

በሌላ ቀን አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ያን ቀን የሳቀ የለም። ሁሉም ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ።

የሦስተኛው ጥምዝ በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ወጣ። ግድግዳዋ ከወዲያና ከወዲህ ተነፍታ መሃል ላይ ተጋጥማለች፤ ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሚመታ። ደም ሥሮቿ የሰው ጣት ያህላሉ። እንጉዳይ የመጀመሪያዋ መሆን ፈለገች። ጓንቷን አወለቀችና ባዶ እጇን በተጋጠመው ሥጋ መሃል አስገባች። «እመት» አለች በለሆሳስ። «እኔ ነኝ።»

ግድግዳዋ ያዘቻት።

እንደ ምሳ ሰዓቱ ጨመቅ አይደለም። የእጇን አንጓ ያዘች፤ አጠበቀች፤ ይበልጥ አጠበቀች። እንጉዳይ አጥንቷ ሲንቋቋ ሰማችው። ብትጎትት አልወጣም። በመርከቡ ላይ እንክብሉን አንድም ሳታስቀር የዋጠች፣ እጇን በየሰዓቱ የታጠበች፣ ከሁሉም ንጹሕ እርሷ ናት። ከዓመት ዓመት ያደመጠቻት፣ ቁስሏን ያጠበችላት፣ በድምፅዋ የተኛች ሴት እጇን ስትሰጣት፣ እመት የምታውቀው ነገር አላገኘችበትም።

«ልቀቂኝ» አለች እንጉዳይ፤ ድምፅዋ የልጅ ሆነ። «እኔ ነኝ እኮ።»

ጋሽ ወሰኔ ከማጣሪያው ጀርባ ያወጡትን ጀሪካን አዘንብለው ጥንስሱን በክንዷ ላይ ለቀቁት። ቀዝቃዛው እየተንዠቀዠቀ ወደ ሥጋው ገባ። ግድግዳዋ አሰበች። ማሰብ ካልሆነ ሌላ ስም የለውም። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ለቀቀች።

«እጃችሁን ንከሩ!» አሉ ካፒቴኗ። «ሁላችሁም!»

የጭቃ ቤት እንደሚመርግ ሰው ሆኑ። እጃቸውን በአተላው እየነከሩ፣ ባዶ መዳፋቸውን በግድግዳዋ ላይ እየለጠፉ፣ እየለቀለቁ ገቡ። መዳፍ ያረፈበት ሥጋ በመጀመሪያ ይኮማተራል፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል፤ ከዚያ ላላ ይላል፤ አንድ ክንድ ይገባሉ። አንዳንዱ «እንኪ እመት» ይላል። አንዳንዱ የሚጸልየውን ይጸልያል። የሞተር ክፍሉ ሰዎች በተለመደው ስድባቸው እያባበሏት ነበር። ካፒቴን ሸዋረገድ ከመግቢያው ላይ አንድ መዳፋቸውን በግድግዳዋ ላይ ለጥፈዋል፤ የሌላው እጃቸው ጣት ከመቁረጫው ቁልፍ ላይ አልተነሣም። ግለቱ ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ደርሷል።

እንጉዳይ አንድ ጆሮዋ ላይ ባስቀረችው ማዳመጫ ትመራቸዋለች። ያ አንድ ጩኸት ከኋላቸው መሰባበር ጀምሯል። ከፊታቸው ያቺ ትንሽ ጉሊት ድምፅዋ እየደከመ ነው።

«ወደ ግራ» ትላለች። «ወደ ግራ። ቶሎ በሉ።»

ባንቴን እስከ አንገቱ ተውጦ አገኙት። ፊቱ ብቻ ይታያል፤ ዓይኑ ተከድኗል፤ ቆዳው ገና እንደተወለደ ሕፃን ቀልቷል። በዙሪያው ያለው ሥጋ ግን ነጣ ያለ፣ ለስላሳ፣ ቀዝቃዛ ነው። እንጉዳይ የነከረችውን እጇን በጉንጩና በግድግዳዋ መሃል አስገባች። ጋሽ ወሰኔ ከአንገቱ በታች አተላውን ለቀለቁት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ትብለጽ ከኋላ ማልቀስ ጀመረች።

ከዚያ ትከሻው ወጣ። ጋሽ ወሰኔ በብብቱ ይዘው ሳቡት፤ ግድግዳዋ ጥቂት አብራ ተሳበች፤ ልትለየው እንዳልፈለገች ሰው። ካፒቴን ሸዋረገድ ጣታቸውን ከቁልፉ ላይ አንሥተው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ባንቴ ዓይኑን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው እህቱን ነው።

«አትቆጪኝም ብለሻል» አለ።

«አልቆጣህም።» አለቀሰች። «ጨፈለቀችህ?»

«አልጨፈለቀችኝም።» ከንፈሩ ደርቋል። «ተጠጋችኝ ነው እንጂ። እታለም፣ የፈራነው እኛ ብቻ አይደለንም። የጨለማ ፍርሃት ያለበት ልጅ እንዴት እንደሚይዝሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው የያዘችኝ።»

ካፒቴን ሸዋረገድ ጋሽ ወሰኔን በይፋ ገሠጿቸው፤ ጀሪካኑንም በይፋ ወደ ወጥ ቤት አዛወሩት። የአፉ ብረት ክዳን ተነቀለ። ሳጥኖቹ ቀሩ፤ ትሪ ተመለሰ። ግድግዳው ሲቀዘቅዝ ሰዎች አልጋቸውን ወደ ቦታው ገፉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሙሉ በሙሉ አላስጠጉትም፤ አንድ መዳፍ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። እንጉዳይ ጠላ ባትወድም ትጠጣለች። እጇንም ከሥራ በፊት ስትታጠብ ቧንቧው ሥር ቆም ትላለች፤ ምን ያህል ንጹሕ ልሁን ብላ የምታስብ ሰው በመርከቡ ላይ እርሷ ብቻ ናት።

ትብለጽ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗን ስትደፍን፣ ማንም ሳይጠራው ሕዝቡ ሁሉ በምሳ ሰዓት አፉ ዘንድ ተሰበሰበ። ምክንያቱን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ይህችን ልጅ እመት አታውቃትም። ባንቴ ከእህቱ ጎን ቆሟል። ትብለጽ የዳቦ ፍርፋሪ በልጇ ጭብጥ ውስጥ አስያዘችና ያችን ትንሽ እጅ በአፉ ዳር አስጠጋች። አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ። ካፒቴን ሸዋረገድ ሳያውቁት የጋሽ ወሰኔን ክንድ ጨብጠዋል።

ግድግዳዋ ያችን ጭብጥ ዋጠቻት። ጨመቅ አደረገች። ወዲያው ለቀቀች። የእናቷን ወተት፣ የእናቷን ጣት፣ የጋሽ ወሰኔን አተላ በልጅቱ ላይ አግኝታዋለች። ሕፃኗ ሳቀች፤ ሰውም ሁሉ አብሮ ሳቀና ወደ ምሳው ሄደ።

እንጉዳይ ወደ ኋላ ቀረች። ቆረሰች፤ ጠቀለለች፤ እጇን አስገባች።

«እንኪ እመት።»

ግድግዳዋ ያዘቻት። ጨመቅ አደረገች፤ አልለቀቀችም። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ ከሌላው ሰው ሁሉ የእንጉዳይን እጅ ትንሽ ታቆየዋለች። በዚያች ቆይታ ውስጥ እንጉዳይ ስሟንም፣ ሥራዋንም፣ ደግ ማሰቧንም ልታስረዳ አትችልም፤ ከውስጥ ሆኖ ለሚያይ፣ በሽታ ሆኖ የመጣና መድኃኒት ሆኖ የመጣ መልካቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ጣታቸው ላይ የያዙት ነው። አንጓዋ ያረጀ ሕመሙን ያስታውሳል። ጥርሷን ነክሳ ትጠብቃለች።

ከኋላዋ ባንቴ ትሪው ላይ ቦታ ይዞላት ይጠራታል። «እታለም፣ ነይ እንጂ፣ ቀዘቀዘ!»

«መጣሁ» አለች እንጉዳይ፤ እጇ ግን ገና አልተለቀቀም።